የቅርፊት ጉዝጓዝ ምን አጠፋ? ለቀረበበት ክስ የተሰጠ ምላሽ

የዛፍ ቅርፊትን በአበባ መደቦችና በዛፎች ሥር መጎዝጎዝ ጉዳቱ ከጥቅሙ ያመዝናል የሚል አንድ ጽሑፍ በቅርቡ አነበብኩ። ጸሐፊው የአትክልት ቦታቸውን ለሦስት ዓመታት በቅርፊት ሸፍነው እንደ ቆዩና በመጨረሻ ሁሉንም ጠርገው እንዳወጡት ይተርካሉ። ከዚያም ቅርፊት የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል፣ አፈሩን አሲዳማ ያደርጋል፣ ውሃ ወደ ሥር እንዳይወርድ ያግዳል፣ የዛፍ ግንድ ያበሰብሳል፣ ችግኝ ያቃጥላል፣ ምስጥና ፈንገስ ይጠራል፣ አረሙንም ቢሆን አያቆምም ይላሉ። በምትኩ የሚመክሩት የአረም መከላከያ ጨርቅ አንጥፎ ጠጠር ማልበስን ነው።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ መሆኑን አልጠራጠርም። ከተዘረዘሩት ጉዳቶች አብዛኞቹም በእርግጥ የሚደርሱ ናቸው፤ ሁለቱ በራሴ መደብ ላይ ደርሰዋል። የማልስማማው በፍርዱ ነው። ጽሑፉን ረጋ ብሎ ላነበበው ሰው ጸሐፊው ቅርፊቱን የት እንዳደረጉት፣ በምን ያህል ውፍረት እንደ ጎዘጎዙትና በምን ሁኔታ ላይ ሳለ እንዳፈሰሱት በየመሃሉ ጠቅሰዋል፤ ጉዳቱን ያመጣውም ያ እንጂ ቅርፊቱ አይደለም። በአንድ ነጥብ ላይ ግን ልክ ናቸው፤ እንዲያውም ከጻፉት በላይ ልክ ናቸው።

ከናይትሮጅኑ ልጀምር፤ ከክሶቹ ሁሉ ለሳይንስ የሚቀርበው ይህኛው ነውና። ቅርፊት በካርቦን የበለጸገ፣ በናይትሮጅን የደኸየ ነገር ነው። እንደ ዛፉ ዓይነት ቢለያይም፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ100 እጅ በላይ ካርቦን ይይዛል፤ ሰጋቱራማ ብዙ ጊዜ ከ300 እጅ ያልፋል። ይህን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ግን ሳይቸገሩ የሚባዙት ምግባቸው ለ1 እጅ ናይትሮጅን 25 እጅ ገደማ ካርቦን ሲኖረው ነው። ጉድለቱን የሚሞሉት ከአጠገባቸው ካለው አፈር ናይትሮጅን እየሳቡ ስለሆነ ተክሉ ይጎድልበታል፤ ቅጠሉም ከታችኛው ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም።

የምንለያየው «ከአጠገባቸው» በሚለው ቃል ላይ ነው። ተሕዋስያኑ ራቅ ብለው ሄደው አይለቅሙም። ቅርፊቱ ከአፈር በላይ ሲጎዘጎዝ ሽሚያው የሚካሄደው ቅርፊትና አፈር በሚነካኩበት ስስ ድንበር ላይ ብቻ ነው፤ የቁጥቋጦና የዛፍ ሥር ደግሞ አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ከዚያ በታች ነው። በድንበሩ ላይ ያለው እጥረት እንዲያውም ለአትክልተኛው ውለታ ነው፤ በዚያ ስስ ሥፍራ ሊበቅል የሚሞክረው በዋናነት የአረም ዘር ነውና። የታችኛው ንብርብር ከጊዜ ብዛት ሲበሰብስም የታሰረው ናይትሮጅን ተመልሶ ለአፈሩ ይለቀቃል። ቅርፊቱ ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ፍርፋሪ በአራቱም ማዕዘን በአፈር ይከበባል፤ መነካካቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ሽሚያውም በቀጥታ ሥሩ ባለበት ጥልቀት ይሆናል።

ጸሐፊው እንደ ቀላል ነገር የጠቀሱት አንድ ድርጊት ምስጢሩን ያወጣዋል፤ በሁለተኛው ዓመት አዲስ አበባ ሲተክሉ አሮጌውን ቅርፊት በሹካ ገልብጠው ከአፈሩ ጋር አዋሕደውታል። ቅጠሉ ቢጫ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ጉዝጓዝ ማለት ከላይ የሚቀር ነገር ነው፤ የተቀበረ ቅርፊት ጉዝጓዝ መሆኑ አብቅቷል። መትከል ሲያስፈልግ ቅርፊቱን ወደ ጎን ጠርጎ፣ ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ችግኙን ተክሎና አፈሩን መልሶ ካበቁ በኋላ ቅርፊቱን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ሳይታሰብ የተደባለቀ ካለም በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ሌላ ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ ቢጨመርበት እጥረቱ ይቃለላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ለጸሐፊው ልተውላቸው፤ እንደ ካሮትና ሰላጣ ያሉ ዘራቸው ደቃቅ የሆነና በቀጥታ የሚዘሩ አትክልቶች በቅርፊት ሥር አይሆንላቸውም፤ ሥራቸውም በመጀመሪያ ሳምንታት ከዚያው ከስሱ ድንበር አይርቅም። ለእነርሱ የበሰለ ኮምፖስት ይሻላል።

ስለ አሲዳማነቱ ብዙ የሚባል የለም። የፓይን ቅርፊት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) ከ4 እስከ 5 ገደማ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን አፈር የገባበትን አሲድ የማርገብ አቅም አለው፤ ከላይ እየተንጠባጠበ የሚገባው ጥቂት አሲድ ለውጥ ቢያመጣ እንኳ ከላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ብሉቤሪን የመሰለ አሲዳማ አፈር የሚሻ ተክል የሚያለሙ ሰዎች አፈራቸውን ለማስተካከል ድኝ የሚጨምሩት ለዚህ ነው፤ ቅርፊት ብቻውን ሥራውን ቢሠራላቸው ኖሮ በድኝ ባልተቸገሩ።

አሁን ጸሐፊው ልክ ወደሆኑበት ነጥብ ደርሻለሁ፤ የሚገርመው እርሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። ቅርፊት ለዛፉ የተሠራለት አንዱ ተግባር ውሃን መግታት ነው፤ ከውስጥ እንዳይወጣ፣ ከውጭም እንዳይገባ። በሕዋሳቱ ግድግዳ ላይ ሱበሪን የሚባል ሰም መሰል ነገር አለ። የጠርሙስ ቡሽ እኮ ራሱ የዛፍ ቅርፊት ነው፤ ከክብደቱም 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው ይኸው ሱበሪን ነው። እንዲህ ያለው ነገር ደቅቆ፣ በመደብ ላይ ተነጥፎና ለሳምንታት ፀሐይ መትቶት ሲደርቅ ውሃን ከመጠጣት ይልቅ ያንሸራትታል።

ይህን ያወቅሁት በጣቴ ነው። አንድ ረዘም ያለ ደረቅ ወቅት ካለፈ በኋላ ከጽጌረዳዎቼ ሥር የተጎዘጎዘውን ደቃቅ ቅርፊት ለሩብ ሰዓት ያህል አጠጣሁት። ላዩ ጠቁሮ አብለጨለጨ፤ መሬቱ ጠግቧል ብዬ ቱቦውን ልጠቀልል ስል ለማረጋገጥ ያህል ጣቴን ሰደድኩ። እስከ መጀመሪያው አንጓ እርጥብ ነበር። ከዚያ በታች ያለው ግን ሲነኩት እንደ ዱቄት የሚበን ደረቅ ቅርፊት ነበር፤ ከሥሩ ያለው አፈርም አንዲት ጠብታ አልደረሰውም። ውሃው ተዳፋቱን ተከትሎ ከመደቡ ወጥቶ የእግረኛ መንገዱ ላይ ኩሬ ሠርቶ አገኘሁት። ጽጌረዳዎቹ ለሁለት ሳምንት ያህል አንገታቸውን የደፉበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባኝ፤ እስከዚያ ድረስ ተባይ ስፈልግ ነበር።

ከዚህ የምወስደው ድምዳሜ ግን ቅርፊቱን ጠርጎ ማውጣትን አያስከትልም። ቁራጮቹ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚደርሱ ከሆኑ ውሃው በመካከላቸው ሾልኮ ይወርዳል፤ ችግር የሚፈጥረው ተጋግሮ ቆዳ የሚያበጀው ደቃቁ ነው። ደቃቅ ብቻ ያለው ሰው ከ5 ሴንቲ ሜትር ሳያስበልጥ ቢጎዘጉዝና ላዩን አልፎ አልፎ በእጁ ቢሰባብረው ይበቃዋል። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ከመጎዝጎዝ በፊት አፈሩን በደንብ ማጠጣት ነው፤ በደረቅ አፈር ላይ የተጎዘጎዘ ቅርፊት ድርቀቱንም አብሮ ከድኖ ያቆየዋል። የጠብታ መስኖ ያለውም ቱቦውን ከቅርፊቱ ሥር ቢዘረጋ ጭቅጭቁ ያበቃል። አንዴ አፈሩ ከራሰ በኋላ ቅርፊቱ ትነቱን ስለሚቀንስ ቀደም ሲል የከለከለውን ያህል ይክሳል።

በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለረዥም ዓመታት በጉዝጓዝ ላይ የጻፉት ሊንዳ ቻልከር-ስኮትም በዚሁ ምክንያት ከንጹሕ ቅርፊት ይልቅ ከነቅጠሉና ከነእንጨቱ የተፈጨ የዛፍ ቅርንጫፍን ያስበልጣሉ፤ እንጨቱ ውሃ ይይዛል፣ የቁራጮቹ መጠን መለያየትም እንዳይጋገር ያደርገዋል። ጸሐፊው «የተፈጨ ቅርንጫፍ ከቅርፊት ይሻላል» ብለው ቢጽፉ ኖሮ ይህን ምላሽ ባልጻፍኩ ነበር።

ቅርፊት ግንድ ያበሰብሳል የሚለው ክስ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚያሰኝ ነው። ጽሑፉ እንደሚለው ቅርፊቱ በወጣቱ ዛፍ ግንድ ዙሪያ እስከ ጉልበት ቁመት ተቆልሎ ነበር። ግንድ ለአየር እንጂ ለመቀበር አልተፈጠረም፤ ሥር ሁልጊዜ እርጥበት ይችላል፣ የግንድ ልጥ ግን አይችልም። በእርጥብ ቁልል ውስጥ የተቀበረ ልጥ ይላላል፤ ምግብ ከቅጠል ወደ ሥር የሚያወርደው የውስጠኛው ሽፋን ይሞታል፤ አይጥም ቁልሉን ቤት አድርጎ ልጡን ይግጣል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ቶሎ የማይታየው ነው። ዛፉ ወደ ቁልሉ ውስጥ አዳዲስ ሥሮች ይሰድድና ሥሮቹ ግንዱን እየዞሩ ይወፍራሉ፤ ከዓመታት በኋላም ዛፉን በራሱ ሥር ያንቁታል። ቅርፊቱ ከግንዱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢጎዘጎዝና ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ ገልጦ ቢተው ከእነዚህ አንዱም አይደርስም። ለተቆለለበት ዛፍም ቢሆን ጊዜው አላለፈም፤ ቁልሉን በአካፋ ሳይሆን በእጅ ማንሳትና ግንዱን መዞር የጀመሩ ቀጫጭን ሥሮች ከተገኙ በመቀስ መቁረጥ ነው። የአውራ ጣት ውፍረት ያላቸው ከሆኑ ግን ባለሙያ ቢያያቸው ይሻላል።

ችግኝ ያቃጥላል የተባለው ከሁለቱ የራሴ ልምዶች አንዱ ስለሆነ አልክድም። አንድ ጊዜ ከአንድ ሻጭ በላስቲክ ከረጢት የታሸገ ቅርፊት ገዛሁ። ከረጢቱን ስቀደው አፍንጫ የሚሰነፍጥ የኮምጣጤ ሽታ ወጣ፤ ትኩስ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በፔቱኒያ ችግኞች መካከል በማለዳ አፈሰስኩት፤ በማግስቱ የታችኞቹ ቅጠሎች ጠርዝ በሻማ የተለበለበ ይመስል ቡናማ ሆኖ ተጠቅልሎ ነበር። እርጥብ ቅርፊት በትልቅ ክምር ወይም አየር በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ሲቆይ ያለ ኦክስጅን ይብላላል፤ ያን ጊዜ አሴቲክ አሲድ፣ ሜታኖልና አሞኒያን የመሳሰሉ ነገሮች ይጠራቀሙበታል፤ ፒኤቹም ከ3 በታች ሊወርድ ይችላል። ተክሉን የሚፈጀው ይህ እንጂ ቅርፊትነቱ አይደለም።

መድኃኒቱ ትዕግሥት ብቻ ነው። ቅርፊቱን በባዶ ቦታ ላይ ሳሳ አድርጎ በትኖ፣ ውሃ አርከፍክፎና እያገላበጡ አየር ካስገቡት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽታው ይጠፋል። ደኅና ቅርፊት የሚሸተው የጫካ አፈር ነው። ጸሐፊው ከረጢቱን በከፈቱበት ሰዓት እንዳፈሰሱት ራሳቸው ጽፈዋል። ከዚሁ ጋር የሚሄድ፣ እርሳቸው ያላነሡት አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ ግንዶች በባሕር ውሃ ላይ እየተንሳፈፉ በሚጓጓዙባቸው ወይም በሚከማቹባቸው አካባቢዎች ቅርፊቱ ጨው ሊይዝ ስለሚችል ከየት እንደ መጣ መጠየቅ አይከፋም።

ምስጥን በተመለከተ ወሬው ከእውነታው ቀድሞ የተጓዘበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን የሉዊዚያና ግዛት ካጠቃ በኋላ፣ ከወደቁት ዛፎች የተፈጨ ጉዝጓዝ የፎርሞሳን ምስጥ የተባለውን አጥፊ ዝርያ ይዞ በየከተማው እየተሸጠ ነው የሚል የኢሜይል ማስጠንቀቂያ ለወራት ተዛምቶ ነበር፤ የግዛቲቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ግን ምስጥ ከነበረባቸው አካባቢዎች የእንጨት ፍርስራሽ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ አስቀድሞ አግዶ ነበር። ዛፍ በመፍጫ ማሽን ውስጥ ሲያልፍ ከምስጡ መንጋ ተርፎ አዲስ መንጋ ለመመሥረት የሚበቃ እምብዛም አይገኝም። ምስጥ ወደ መደብ የሚመጣው እርጥበት ፍለጋ ነው፤ እርጥበት ደግሞ በጠጠርም ሥር ይገኛል። ጉዝጓዙ ከቤት ግድግዳ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ቢቆም፣ ግድግዳውም ከመሬት በላይ ቢታይ፣ ምስጡ ከተነሣ መተላለፊያው በዓይን ይታያል።

ፈንገሱስ? ጸሐፊውን ያስደነገጣቸው በአንድ ሌሊት የወጣው ቢጫ አረፋ መሰል ነገር ፉሊጎ ሴፕቲካ ይመስለኛል፤ ፈንገስ እንኳ አይደለም፣ ተክል አይነካም፣ በጥቂት ቀናትም ደርቆ ወደ ቡናማ ብናኝ ይለወጣል። በእርግጥ የሚያስቸግረው ስፌሮቦለስ የሚባለው ነው። የስፖር (የመራቢያ ብናኝ) ጥቅሉን እስከ 5 ወይም 6 ሜትር አስፈንጥሮ ነጭ ግድግዳና መኪና ላይ ይለጥፋል፤ ጥቁር ነጠብጣቡም በቀላሉ አይለቅም። እርሱ ግን የሚወደው የተፈጨ እንጨት ነው፤ ትልልቅ የፓይን ቅርፊት ቁራጮች ላይ እምብዛም አይገኝም፤ ክሱ ለቅርፊት ምስክር ሆኖ አረፈው። ፈንገስ ሁሉ ጠላት አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ሆይቲንክ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባደረጓቸው ምርምሮች የተብላላ ቅርፊት ያለበት የማሰሮ አፈር ፋይቶፍቶራን የመሰሉ ሥር አበስባሾችን እንደሚገታ አሳይተዋል፤ የሚገታውም በውስጡ በሚርመሰመሱት ጥቃቅን ፍጥረታት ነው።

አረሙን አያቆምም የሚለው ነጥብ በአንድ ስሌት ያልቃል። ጸሐፊው 1 ሜትር ኩብ ቅርፊት ለ50 ካሬ ሜትር አብቃቅተዋል። 1 ሜትር ኩብ በ50 ካሬ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ለዓይን ያምራል፤ ብርሃንን ግን አይጋርድም። ብዙ የአረም ዘሮች ለመብቀል ብርሃን ይሻሉ፤ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቅርፊት ይህን ይከለክላቸዋል፤ ያው 1 ሜትር ኩብ በዚህ ውፍረት የሚሸፍነው ከ12 እስከ 20 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ከመሬት በታች በሚሄድ ግንድ የሚራቡትን ዓመታዊ ያልሆኑ አረሞች ግን 8 ሴንቲ ሜትርም አያቆማቸውም፤ እነርሱን አስቀድሞ ነቅሎ መጨረስ ግድ ነው። ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ማድረግም አፈሩን አየር ያሳጣዋል። በየዓመቱ አዲስ ከመደረብ በፊት የቀረውን መለካት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ላዩን ማገላበጥ ብቻ ይበቃል።

ጸሐፊው ሊያነሧቸው ሲገባ የዘለሏቸው ሁለት እውነተኛ ጉድለቶች አሉ። አንደኛው፣ ደረቅ ቅርፊት ይነዳል፤ የሰደድ እሳት በሚያሰጋበት ቦታ ከቤት ግድግዳ እስከ 1.5 ሜትር ድረስ ምንም የሚቀጣጠል ጉዝጓዝ ባይኖር ይመረጣል፤ በዚያች ጠባብ ቦታ ጠጠር ያሸንፋል። ሁለተኛው፣ ከንብ ዝርያዎች 70 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ጎጇቸውን የሚሠሩት በመሬት ውስጥ ቆፍረው ነው፤ ሁሉም መደብ ጥግ እስከ ጥግ ከተሸፈነ መግቢያ ያጣሉ። እኔ ፀሐይ የሚያገኝ አንድ ጥግ ገላጣ አድርጌ እተዋለሁ።

የቀረው የጨርቁና የጠጠሩ ምክር ነው። ጠጠር አይበሰብስም፤ ይህ እንደ ብልጫ ተጽፏል። ለአፈሩ ግን ምንም አያበረክትም ማለት ነው፤ የምድር ትል ወደ ታች የሚያወርደው ነገር የለውም፤ በፀሐይም እየጋለ ሙቀቱን ለሥሩና ለቅጠሉ ያስተላልፋል። ጨርቁ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ጥሩ ሆኖ ይከርማል። ከዚያ በኋላ ነፋስ ያመጣው አቧራና የረገፈ ቅጠል በጠጠሩ መካከል ይጠራቀምና አፈር ይሆናል፤ አረሙም ከጨርቁ በላይ ይበቅላል። እንዲህ ያለ መደብ ላጸዳ ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ለፍቻለሁ። የአረሙ ሥር ጨርቁን ወግቶ ታች ከወረደ በኋላ ስለሚሸመንበት አረሙ ሲነቀል ጨርቁ አብሮ እየተተለተለ ይመጣል፤ የቁጥቋጦዎቹም ቀጫጭን ሥሮች በጨርቁና በጠጠሩ መካከል ተነጥፈው ስለነበር አብረው ተበጠሱ። ጠጠሩን ከአፈሩ መለየት ደግሞ በወንፊት ካልሆነ አይሞከርም።

ጸሐፊው ቅርፊቱን አንሥተው መደቡ አሁን ባዶ ከሆነ፣ ጨርቁን ሳይገዙ በፊት አንዱን መደብ ብቻ እንዲህ ቢሞክሩት እጠይቃለሁ፦ አረሙን ከነሥሩ ነቅለው፣ አፈሩን አጠጥተው፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል የበሰለ ኮምፖስት በትነው፣ በላዩ 6 ሴንቲ ሜትር ሻካራ ቅርፊት፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው። ከዚያም ከደረቅ ወቅት በኋላ ጣታቸውን ሰድደው ይዩት።